መጠጥ ክልክል ነው

ጋሽ ደረሰን የጎዳኋቸው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ስህተት ነበር፤ ሌላው ግን ስህተት አልነበረም። ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ስህተቱን ነው የማስቀድመው፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ሻይ አዛለሁ ወይም ሰዓቴን አያለሁ። ዛሬ እንኳ እስከ መጨረሻው ልናገረው።

በ1980 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት፣ ነጭ ጋዋኔ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በእንግሊዝኛዬ ደግሞ የምመጻደቅ ሰው ነኝ። ኢልዳ የምትባል ኩባዊት ሐኪም ስትመደብልን አስተርጓሚ ይፈለጋል ተባለ፤ ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ። የእሷ እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ፣ የእኔም የትምህርት ቤት ነው። ሁለታችን ተደጋግፈን እንደምንም እንግባባ ነበር። ሕመምተኛው ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያወራውን ታሪክ በሦስት ቃል ቆርጬ አቀብላታለሁ፤ እሷ የምትለውንም እንደዚያው። ወረፋው ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ ሁሉም ሰው «ሽፈራው ጎበዝ ነው» ይለኛል፤ እኔም አመንኩ።

ጋሽ ደረሰ መሃል ከተማ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበራቸው። ከከምባታ መጥተው ከሃያ ዓመት በላይ አዋሳ የኖሩ፣ የወንጌል አማኝ፣ ሰፊ ደረትና ትልቅ ሳቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናቸው አይነሱም። ድሮ ማታ ማታ ሱቃቸውን ዘግተው ከተማው ዳር ወዳለው ጸሎት ቤታቸው በእግራቸው ይሄዱና ይመለሱ ነበር። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ሲታሸግ ምሽቱ ጭር አለባቸው። አንድ ዓመት ያህል የሚያደርጉትን አጥተው ሲቁነጠነጡ ቆዩና ቴሌቪዥን ገዙ።

ባህል አዳራሽ አካባቢ በነበረው ሰፈራችን የመጀመሪያው ቴሌቪዥን እሱ ነው። አንቴናውን በረጅም ባሕር ዛፍ ላይ አስረው ሲያቆሙ ግማሽ ሰፈር ወጥቶ አይቷል። ከዚያ በኋላ ማታ ቤታቸው ሙሉ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ታቢታ ወንበር ትደረድራለች፤ አስተማሪዋ ልጃቸው ወንጌላዊት ለስላሳ ትከፍታለች። እዚያ ቤት ጠላም አረቄም ስለማይገባ እንግዳ የሚስተናገደው በለስላሳ ነው። በአማኞቹ ዘንድ ለስላሳ የክብር መጠጥ ነበር፤ በሠርግም በልደትም ሣጥን በሣጥን ይወርዳል። ጋሽ ደረሰ ራሳቸው ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ሦስት ጠርሙስ፣ እሑድ ሲሆን አምስት ይጠጣሉ። ከጎኑ ብስኩት አለ፤ ከኬክ ቤት የመጣ ቦምቦሊኖም አይጠፋም። «ለስላሳ ምን ኃጢአት አለበት?» ይሉና ይስቃሉ።

እኔ ቤቴ ከእነሱ አጥር ጎን ነበር። አንድም ማታ አልቀርም። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለችው መደገፊያ ያላት ወንበር የእኔ ሆነች። ሌላ ሰው ቀድሞ ከተቀመጠባት ጋሽ ደረሰ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «የሽፈራው ነው» ይሉና ያስነሱልኛል። ከቤተሰብ ያልተናነሰ ቦታ ነበረኝ ማለት ነው።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ክሊኒክ መጡ። ውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሏቸዋል፤ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ፤ ሱሪያቸው ከወገባቸው ወርዷል። ሽንታቸውን ተቀብዬ ስኳርን ከሚለየው ሰማያዊ መድኃኒት ጋር አፈላሁት፤ እንደ ሸክላ ቀላ።

«ጋሼ፣ ስኳር ተገኝቶብዎታል» አልኳቸው።

ጋሽ ደረሰ መጀመሪያ ያዩት በሩን ነው። በዚያን ጊዜ ስኳር ተገኘበት የሚባለው ደብቆ የተያዘ ነጋዴ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኧረ ከቀበሌው ሸማቾች ከደረሰን ሌላ ግራም የለኝም» አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ በሽታው መሆኑን ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ። ዶክተር ኢልዳ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀችኝ፤ ለማስረዳት ረዘመብኝና ተውኩት።

ምክንያቱም ቸኩያለሁ። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ የሚደረግበት ሰሞን ነው። የዚያን ዕለት ጨዋታ አለ፤ ከሳምንት በፊት ጀምሮ እሱን ብቻ ነው የማስበው።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ጋሽ ደረሰ አስጠግታ ረጅም ንግግር ጀመረች። ማታ ማታ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀች። ሳልተረጉምላቸው እኔው በኩራት መለስኩላት፤ ቴሌቪዥን እንዳላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሰበሰብ። እሷ ግን አልተደሰተችም። የምትለውን በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ስኳር ያለበት የጠርሙስ መጠጥ ፈጽሞ ይቅርበት፤ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ፤ ብስኩትና ኬክ ይተው፤ ከቴሌቪዥን ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ ማታ ማታ እስከ ሐይቁ በእግሩ ሄዶ ይመለስ። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ማታ ደግሞ ጣፋጭ እየጠጣ ተቀምጦ፣ ይህ ሰው ሰውነቱን መቼ ሊያንቀሳቅስ ነው?» አለችኝ።

እኔ ወደ ጋሽ ደረሰ ዞርኩና «መጠጥ ክልክል ነው» አልኳቸው።

ስህተቱ ይሄ ነው። የጠርሙሱም፣ የስኳሩም ነገር ከአፌ ሳይወጣ ቀረ፤ መጠጥ ብቻ ወጣ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ መጠጥ ለብቻው ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ጠጪ ነው ሲባል ውሃ የሚጠጣ ሰው ትዝ የሚለው የለም።

ጋሽ ደረሰ ፊታቸው በራ። «መጠጥ? እኔ? ጌታን ካገኘሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በደጄም አያልፍ።»

«ጭራሽ አልጠጣም ነው የሚሉት» አልኳት ለዶክተሯ። ተነስታ እጃቸውን ጨበጠች። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አጋጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝ፤ ተረጎምኩላቸው፤ ጋሽ ደረሰ አመስግነው ጎንበስ አሉ። ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር።

ስለ ስኳሩ፣ ስለ ብስኩቱና ስለ እግር መንገዱ ነገርኳቸው። ስጨርስ ዶክተር ኢልዳ ፊቴን አየችኝ።

«የቴሌቪዥኑን ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ቃሉን አልሰማሁትም። በእኔም ቋንቋ ቴሌቪዥን ነው፣ በእንግሊዝኛም ቴሌቪዥን ነው።»

«በአማርኛ ሌላ ስም አለው» አልኳት።

ይኸውላችሁ። ይሄኛው ስህተት አይደለም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው የዋሸኋት። ጋሽ ደረሰ የሐኪም ቃል የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ ብነግራቸው የዚያኑ ዕለት ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍነው እንደሚያስቀምጡት አውቃለሁ። ዋንጫው ደግሞ ገና መጀመሩ ነው። ሌላ የት ሄጄ አያለሁ? ዋንጫው እስኪያልቅ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሰው አይገድልም፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ያን ቀን ከልቤ ነበር።

ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ በአማርኛ ጽፌ እንድሰጣቸው አዘዘችኝ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ከላይ በትልቁ «መጠጥ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ የቀረውን፣ የቴሌቪዥኑን ዘልዬ። ጋሽ ደረሰ ወረቀቱን አጥፈው በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ይዘው ሄዱ። ማታ ጨዋታው ሲጀምር ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የመጣው ሁሉ እያነበበ ይስቃል። አንዱ አማኝ «ሐኪሟ ወንጌል ሰባኪ ናት እንዴ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ደረሰም በሁለተኛ ጠርሙሳቸው ላይ ሆነው ሳቁ።

ኢትዮጵያ ዋንጫውን በመለያ ምት ስታነሳ ዘለን ተቃቀፍን። ጋሽ ደረሰ አዲስ ሣጥን አስመጥተው ለሁሉም አከፋፈሉ። የእኔን ጠርሙስ በጥርሳቸው ከፍተው ሰጡኝ፤ የራሳቸውንም ከፈቱ። ያን ጊዜ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። እጃቸው ላይ ያለውን ብርቱካንማ ነገር አየሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፌን አየሁ። ጤና ረዳት ነኝ እኮ። ምን እንደሚጠጡ፣ ምን እንደተባለ፣ እኔ ምን እንዳልኩ ሦስቱንም የማውቅ አንድ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ስለ ለስላሳው ከነገርኳቸው «ለምን ያኔ አላልከኝም?» ይላሉ፤ ከዚያ የቴሌቪዥኑም ይወጣል፤ ዶክተሯም ትሰማለች፤ ከአስተርጓሚነቴ ትሽረኛለች። በዚህ በዚህ አንድ ሳምንት ሄደ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዘገየሁ ወዲያ መዘግየቴም ራሱ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ተጨመረ። ማታ ማታ እዚያችው ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወንጌላዊት ለስላሳ ታመጣልኛለች፤ እኔም እጠጣለሁ።

ጋሽ ደረሰ ግን የተባሉትን በታማኝነት ይጠብቁ ነበር። ሻያቸውን መራራውን ይጠጣሉ። የስኳር ራሽናቸውን ለጎረቤት ሰጡ። ብስኩቱን ተዉ፤ ቦምቦሊኖ ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ሲጨመር ያየ ስለሌለ ለስላሳውን የጠረጠረው ሰው አልነበረም። እንዲያውም ብስኩቱን ሲተዉ አፋቸው ባዶ ሆነባቸውና በፊት ሦስት የነበረው ጠርሙስ አራት ሆነ። ሐይቅ ድረስ መሄዱን ለሁለት ሳምንት ሞከሩት። ከዚያ ሰው ቤታቸው ተሰብስቦ እየጠበቃቸው መውጣት ነውር ሆነባቸው። ከሚጠብቋቸው አንዱ እኔ ነበርኩ።

በየወሩ ሽንታቸው ያው ሸክላ ነው። ዶክተሯ ግራ ገባት። «ያልኩትን ይጠብቃል?» ትለኛለች።

«ያዘዘችዎትን ይጠብቃሉ ወይ?» እላቸዋለሁ።

«አንድም አላጓደልኩ» ይላሉ።

እተረጉማለሁ። ሁሉም እውነት ነው። እሷ ኪኒኑን ትጨምራለች።

በሚያዝያ ወር እሳቸው ሱቅ ውስጥ መርፌ ወደቀች። ነጠላ ጫማቸው ውስጥ ገብታ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ሲረግጧት ዋሉ፤ አልተሰማቸውም። ማታ እትዬ ታቢታ እግራቸውን ስታጥብ ውሃው ሲቀላ አየች። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ እኔ ራሴ ነኝ ያሰርኩት። በሳምንቱ ትልቁ ጣታቸው ጠቆረ። አዲስ አበባ ላክናቸው፤ ሐምሌ ላይ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ክራንች ይዘው ሲመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እሳቸው አቀፉኝና «አይዞህ ሽፈራው» አሉኝ። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በመስከረም ወር የዶክተር ኢልዳ የሥራ ጊዜ አልቆ ወደ አገሯ ልትመለስ ሆነ። ከመሄዷ በፊት ጋሽ ደረሰን ቤታቸው ሄዳ ልትሰናበት ፈለገች። ሰበብ ፈጠርኩ፤ ሥራ አለብኝ አልኩ፤ አልሰማችኝም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዣት ሄድኩ።

እትዬ ታቢታ ጠረጴዛውን በዳንቴል አልብሳ ጠበቀችን። ቴሌቪዥኑ የእሑዱን ዘፈን ያሰማል። ጋሽ ደረሰ የተቆረጠውን እግራቸውን በትራስ ላይ አሳርፈው ለመነሳት ሞከሩ፤ ዶክተሯ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ወንጌላዊት ለስላሳ በትሪ ደርድራ ገባች። ለዶክተሯ ከፈተች፣ ለእኔ ከፈተች፣ ለአባቷም ከፈተች።

ዶክተሯ ጠርሙሷን ሳትነካ የጋሽ ደረሰን እጅ ታያለች። አነሱት፣ ግማሽ ድረስ ጠጡት፣ አስቀመጡት።

«ይህን ሁልጊዜ ይጠጣል?» አለችኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ጋሽ ደረሰ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ወረቀቴ ዳሩ ጢስ ቀለም ይዞ እዚያው አለ። «ንገራት እስቲ» አሉኝ። «እግሬን ብቆረጥም ቃሏን አላፈረስኩም። እንዳለችኝ አንድ ቀን መጠጥ አልቀመስኩም በላት።»

እንዳሉት አድርጌ፣ ምንም ሳልቆርጥ ተረጎምኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የተረጎምኩት ያን ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። በእንግሊዝኛ ስለው የአንድ ቃል ጉድለት መሆኑ እንዴት እንደሚያስጠላ። እሷ ግን ገና ስህተት ነው ብላ የምታስብ ይመስለኛል፤ ፊቷ ላይ ያለው ኀዘን እንጂ ቁጣ አልነበረም።

ይሄኔ እትዬ ታቢታ «ወንጌላዊት፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው እስቲ፤ እንግዳ አለ አይደል?» አለች።

ዶክተር ኢልዳ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ቃሉን ሰምታዋለች።

«አሁን ንገረው» አለችኝ። «ያን ቀን ያልኩትን በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ። እኔ ቃሉን እጠብቃለሁ።»

ተነስቼ ቆሜ ነገርኳቸው። ስኳር ያለበት የጠርሙስ መጠጥ፣ ይሄ ለስላሳ፣ ፈጽሞ ይቅርበት ብላ ነበር አልኩ። ከቴሌቪዥን ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥ ብላ ነበር፤ የእግር መንገዱም በእሱ ፋንታ ነበር። ሁለቱን ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ አልኳቸው። ቴሌቪዥን የሚለውን ስል ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች።

እትዬ ታቢታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው አነሳች፤ የእኔንም ከእጄ ወስዳ ወደ ጓዳ ገባች። ወንጌላዊት ቴሌቪዥኑን ጭራሽ አጠፋችው።

ጋሽ ደረሰ ትራሱን ሲያስተካክሉ ቆዩ። «የለስላሳው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «መጠጥ ስትለኝ ምን ዓይነት ብዬ አልጠየቅሁህም፤ እኔም ጻድቅ መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር። የቴሌቪዥኑን ግን ለምን ደበቅኸኝ?»

«ዋንጫው ነበር፣ ጋሼ።» አልኳቸው።

ቢሰድቡኝ፣ በክራንቻቸው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው የገረማቸው ነው የሚመስሉት።

«አይ አንተ ልጅ» አሉ። «ብትነግረኝ እኮ ለአንተ እሰጥህ ነበር። ቤትህ ወስደህ ታየው ነበር። እኔ ማታ ማታ መንገዱ ነው የናፈቀኝ።»

ዶክተሯ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። መተርጎም አልቻልኩም፤ ወጥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልገባሁም። ማንም አትምጣ አላለኝም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ጋሽ ደረሰ እንደ ወትሮው ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል። እኔ ነኝ ፊታቸውን ማየት ያልቻልኩት። ማታ ማታ ብቻዬን ሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል በእግሬ እሄድና እመለስ ጀመር። በአጥራቸው በኩል ሳልፍ መስኮታቸው ጨለማ ነው። ቴሌቪዥኑን ከዚያ እሑድ በኋላ እንዳልከፈቱት ሰማሁ። ለእግራቸው ግን ዘግይቶ ነበር፤ ለኩላሊታቸውም።

ሁለት ዓመት ኖሩ። ከተቀበሩ በአርባኛው ቀን ገደማ በጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ወንጌላዊት ናት፤ ቴሌቪዥኑን በእናቷ ነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ምንድን ነው?» አልኳት፤ ምን እንደሆነ እያየሁ።

«አባባ ሊያርፍ ሰሞን ለማን ይሁን ብለን ጠይቀነው ነበር» አለች። «‹የሽፈራው ነው› አለን።»

ተቀበልኳት። ደረቴ ላይ ይዤው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።